ሲሚንቶ የለበሰው ግንብ

መጋቢት 4
ዝናብ። ሱቅ ከፈትኩ። የአሮጌ ቤት ዕቃ የሚነግድ ሰው በዝናብ ምን ይሸጣል? ሁለት የበር ማጠፊያ። ባለቤቴ ኢቬት ከሞተች ወዲህ አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም። ሾርባው ጨው ይኑረው አይኑረው እንጃ...

ኮረብታው ላይ ካለው ሻቶ፣ ከጥንቱ የባላባት ቤት፣ ባለቤቷ ማዳም ኦዲል ደወሉ። የደረጃው ግንብ ተሰንጥቋል፤ የአዳራሹን ጥንታዊ የድንጋይ ምድጃ ሸጠው ግንቡን ሊያሳድሱ ነው።

መጋቢት 7
ሄድኩ። ዋጋ እንዳይጨምሩብኝ የምፈልገውን ዕቃ ትኩር ብዬ አላይም፤ ስለ ድመታቸው አወራሁ።
«መስዮ ጎድሪ፣ ድመቷ አትሸጥም» አሉኝ። «ምድጃውን ይዩ።»
ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ ዛጎል፣ የአበባ ጉንጉን፣ በክብ ውስጥ የሴት ፊት። ቤቱን ያሠራው የንጉሥ ግብር ሰብሳቢ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከጣሊያን ጦርነት ሲመለስ ያየውን ሁሉ አስቀረጸ። ደረጃውን ግን እንደ አያቶቹ ጠመዝማዛ አደረገው። ጦር ለማይመጣበት ቤት ዙሪያውን የውኃ ቦይ አስቆፈረ። ለጉራ። ድንጋዩ የወጣው ከዚያው ከቤቱ ሥር ነው፤ ነጭ፣ በጥፍር የሚጫር።
በዋጋ ተስማማን። ምድጃውን የሚገዛኝ የብራስልሱ ደንበኛዬ በስልክ ጮቤ ረገጠ። እኔ... ምንም።

መጋቢት 11
ከግንበኛው ከባስቲያን ጋር ልንለካ ሄድን። የደረጃውን ግንብ ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሲሚንቶውን ፈለጥ አደረገ፤ ከሥሩ ድንጋዩ እንደ ራሰ ዱቄት ሆኗል። ሲሚንቶውን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማዳም አባት የለሰኑት ነው። በዚህ አገር ያልለሰነ አባት ማን አለ? ሲሚንቶ ጠንካራ ነው ተባለ። ድንጋዩ ግን የጠጣውን ውኃ መትፋት አለበት። መውጫ ሲያጣ ከውስጥ ይበሰብሳል።
የምድጃው ጀርባ ይኸው ግንብ ነው። ምድጃው ከወጣ ግንቡ ይናዳል።
«ዝም ብለን ብናወጣውስ?» አለ ባስቲያን። «ብራስልስ እንደሆነ አይጠይቅ።»
ሜትሬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

መጋቢት 12
ምድጃው መውጣት እንደማይችል ለማዳም ነገርኳቸው። ለምን? ሲወጣ የተሰበረ ምድጃ አይሸጥም። ለዚያ ይሆናል።
ድመቷን ከእግራቸው ሥር አንስተው አቀፏት። «አባባ በየእሑዱ ነበር የሚለስኑት። እኛ ውኃ እናቀብላቸው ነበር።»
«ክፉ አላሰቡም።»
«እሱ እኮ ነው የከፋኝ።»
ሲሚንቶው ይነሳ፣ በኖራ ይተካ አልኩ። ጎተራው ውስጥ የተከመረውን አሮጌ የወለል ሸክላ ገዛኋቸው፤ ገንዘቡ ለሥራው ይበቃል። ብራስልስ «አርጅተሃል» አለኝ። ይሆናል።

ሚያዝያ 2
ሲሚንቶው ተላጠ። ግንቡ ጠቁሮ ውኃ ያወርዳል። ማዳም ጨርቅ ይዘው መጡ፣ ሊጠርጉት።
«ይተዉት» አለ ባስቲያን። «ያልበው፣ እስኪወጣለት።»
መዳፌን አሳረፍኩበት። ቀዝቃዛ። ሌሎቹ ለምሳ ሲሄዱ እዚያው ቆሜ ነበር።

ሚያዝያ 3
ፀሐይ። ለገበያ ጥሩ ቀን።
ከቀብሩ ወዲህ የተዘጋውን የኢቬትን ክፍል ከፈትኩ። መስኮቱንም። ካፖርቷ እንደተሰቀለ ነው። ኪሱ ውስጥ የአትክልት ጓንቷ፣ አንዱ ብቻ፣ ጭቃው የደረቀ... አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ።
ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም።