የቡርሃን መንደሪን

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድሜ ያህያ፣ እንዴት ሰነበትክ? እማ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ልጆቹስ ከብርዱ እንዴት ወጡ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እዚህ መንሱራ ሙቀቱ ገና አልበረታም፤ ሥራዬ ላይ ነኝ። ለእማ የሚነበበውን ለብቻው ጽፌያለሁ። ይህችን ግን አንተው ብቻ አንብባት።

ወንድማችን ቡርሃን በባሕር ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሲነሳ፣ ከችግኝ ጣቢያ አምጥቶ ጓሯችን የተከላት መንደሪን በታኅሣሥ ውርጭ ተመትታ እንደ ነበር፣ አሁን ከግንዷ ሥር እንዳቆጠቆጠች ጽፈህልኝ ነበር። እማም "ልጄ አለ፤ ዛፉ መሰከረለት" ብላ ዱዓ ማስደረጓን ሳነብ በደስታ አለቀስኩ።

ባለፈው ጁምዓ አሠሪዬ ማዳም ቢር ፈድል ሰፈር ወዳለው የወንድሟ እርሻ ይዛኝ ሄደች። አትክልተኛው ሽማግሌ፣ አሚ ሰላህ፣ ሲያዩኝ "የሐበሻ ብርድ አባረረሽ እንዴ?" እያሉ የሚቀልዱ ሰው ናቸው። የመንደሪናችንን ነገር አጫወትኳቸው።

"አዲሱ ቅጠል ስንት ጣት አለው?" አሉኝ።

"ሦስት። እሾሁም ረጃጅም ነው ብሎኛል ወንድሜ" አልኳቸው።

ቀልዳቸው ጠፋ። "ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ እሱ መንደሪን አይደለም" አሉ። ለካ ችግኝ የሚያፈሉት ሰዎች መንደሪኗን ብርድ በሚችል የሌላ ዛፍ ሥር ላይ ነው የሚቀጥሏት። ላይኛው ሲሞት ሥሩ የራሱን እሾህ ያወጣል። ፍሬው መራራ ነው።

ስለዚህ ያህያ፣ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የተቀጠለችበትን ጠባሳ ታገኛለህ። ከእሱ በላይ ያለውን ቅርፊት በጥፍርህ ፋቅ አድርገው። አረንጓዴ ከሆነ አልሞተችም፤ ከጠባሳው በታች የወጣውን እሾህ ሁሉ ቁረጥ። ኅዳር ሲገባ ጠባሳው እስኪሸፈን አፈር አልብሳት፣ ግንዷንም በገለባ ጠቅልላት።

ደረቅ ከሆነ ግን ምንም አትንካ። እዚህ ኤደን ተዋሂ ወደብ የሚሠሩትን ያገራችንን ልጆች ጠይቄያለሁ፤ ከቡርሃን ጀልባ የወረደ ሰው ያየ የለም። እማን በዛፏም በልጇም፣ በሁለት በኩል አናርዳት። እሾሁን ታጠጣው፤ እሱም ነጭ አበባ ያብባል አሉ። ፍሬ የያዘ ቀን ብቻ፣ እማ ቀድማ እንዳትቀምሰው።

ለባለቤትህ ለጁወይሪያ፣ ለትንሿ ኑሰይባ፣ ለጎረቤታችን ለድንቅነሽ ሰላምታዬን አድርስ። የእማን ጉልበት ሳምልኝ። ስሙን ከሰላምታ እንዳልዘል እማ አዛኛለችና፣ ለቡርሃንም ሰላም በሉልኝ።

እህትህ ሀዋዬ
ኤደን፣ መንሱራ
የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻ ዓ.ም.