ስም የሚቀያየርባት ወንበር

ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ፣ ኅዳር 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሕዝቅያስ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ

ጤናዎ እንደ ፊርማዎ የጠና ይሁንልኝ እያልኩ፣ አባላቱም እንዲያነቡት ይህን ደብዳቤ በዕድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስልሳ የሞላው አባል ድንኳን እንዳይተክል፣ አግዳሚ እንዳያነሣ፣ ድስት እንዳይሸከም ወስነው፣ ለታላላቆችም ስማቸው በጀርባዋ የሚጻፍባት አንዲት የክብር ወንበር ስላበጁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዬ ግን ጥቂት ነው።

አንደኛ፤ ወንበሯ መጀመሪያ የደረሰችው ለባንታየሁ ነበር። በምግብ ቤቱ የዱቄት ጆንያ ብቻውን ያነሣ የነበረው ሰው ስምንት ወር በክብር ተቀመጠ። ወጣቶቹም «ጋሼ፣ እርስዎማ አይነሡ!» እያሉ ውሃ እንኳ እንዳይቀዳ ከለከሉት። የጭኑ ሥጋ ሟሸሸ፣ ሱሪው ሰፋው። ከወንበሯ ለመነሣት መጀመሪያ አንድ እጁን፣ ቀጥሎ ሁለቱን፣ በመጨረሻም የባለቤቱን የሙሉመቤትን እጅ ፈለገ። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ አልተነሣም። ድንኳኑ ግን በሚያምር ሁኔታ ተተክሎለታል።

ሁለተኛ፤ የባንታየሁን ስም በነጭ ቀለም ሸፍናችሁ «አየለ» ብላችሁ ጻፋችሁባት። አየለ በዓመቱ ማታቱ ታክሲ ላይ የሚወጣው ረዳቱ «ፖሌ ፖሌ፣ ምዜ»፣ ቀስ በል ሽማግሌው፣ እያለ ብብቱን ይዞ ሲጎትተው ሆነ። አሁን ከአልጋው ለመነሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛ፤ ትናንት ወንበሯ እኔ ቤት መጣች። ፀሐይ ስታርፍባት ከስሜ ሥር የሁለቱም ስም ይታያል።

መሃል ከተማ ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ በዚህ ዕድሜ ሥራ የፈታ ጡንቻ ቶሎ እንደሚሄድ፣ የሚያቆየውም መነሣት መቀመጡ፣ ሸክሙና ደህና መብላቱ እንደሆነ ነግራኛለች። ሸክሙን እርስዎ ወሰዱብን። አባላቱን እያሳረፈ ለራሱ ቀብር የሚያዘጋጅ ዕድር ትጉህ ነውና፣ ስለ ትጋትዎም አመሰግናለሁ።

ልመናዬ ስሜ ወደ ድንኳን ተካዮች ዝርዝር እንዲመለስ፣ ለአየለም የሚያስተኛው ሳይሆን በየቀኑ ደግፎ የሚያስነሣው ሰው እንዲላክለት ነው።

እንዲያርፍ ከታዘዘው፣ ማረፍ ግን ገና ካላማረው አክባሪዎ፣
ካሣሁን

ከፊርማ በኋላ፦ ወንበሯን ራሴ ተሸክሜ በርዎ ላይ አስቀምጫታለሁ። ከውሳኔዎ በፊት የድንኳን ምሰሶ ተሸክሜ ሳልቆም እጨርሰው የነበረውን መንገድ፣ ዛሬ የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ሦስት ጊዜ አርፌበታለሁ፤ ያረፍኩትም እሷው ላይ ነው። ስሜን ሸፍኜ የእርስዎን ጽፌባታለሁ። በመጪው ወር ስልሳ ይሞላዎት የለ? ቀለሙ እስኪደርቅ አይቀመጡባት።