መሪጌታነቱን ከተቀማሁ ወዲህ

አንኮበር፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፰፻፸፱፣ ዶሮ ሲጮኽ

ዛሬም በልማዴ ነቃሁ። ጠመጠምኩ፣ መቋሚያዬን ይዤ ደጅ ደረስኩ። ወዴት? መሪጌታነቱ እኮ የወልዴ ነው። ሳል ድምፄን ቢዘጋው የደብሩ አለቃ ሻሩኝና ድጓ አብሮኝ የተማረውን ወልዴን ሾሙት። ሚስቴ ወለተ ማርያም አየችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተመልሼ ተኛሁ።

ብራናዬ፣ ለሰው አልናገርም፤ ላንተ ግን ልንገርህ፦ ቀናሁ። አንጀቴ አረረ።

ኅዳር ፪

ጉሙን አልፎ የወልዴ ድምፅ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ያምራል። ማማሩ ለኔ ምን ያደርግልኛል! እህል እምቢ አለኝ። ወለተ ማርያም ቡዳ ነው ብላ ጠበል ታጠጣኛለች። ቡዳውማ ወልዴ ነዋ! ገበያ አልወጣም። ሰው «መሪጌታ» ብሎ ጀምሮ መልሶ ሲውጠው ማየት አልችልም።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ

አለቃ ቁም ስላሉኝ ማኅሌት ቆምኩ፤ ከወልዴ አጠገብ። የበዓሉን ዜማ፣ ዚቁን፣ ሊያነሣ ሲል መነሻው ጠፋው። እንዲህ ሲሆን አጠገቡ ያለው በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ወጉ ነው፣ ሕዝብ ሳያውቅ ያልፋል። አጠገቡ ያለሁት እኔ። ዐውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ ነበር። ወደ እኔ ዞረ። ሳልኩ። የውሸት ሳል። ከማዶ የቆሙት መዘምራን ቀምተው አነሡት፣ ሕዝቡ ተንሾካሾከ።

እሰይ! ቤቴ ገብቼ ጠግቤ በላሁ። ወለተ ማርያም ጠበሉ ሠራ ብላ እልል አለች።

ኅዳር ፲፰

የወልዴ ሚስት መጥታ አለቀሰች። እንቅልፍ የለው፣ እህል እምቢ ብሎታል፣ ሰው ሲያይ ይደበቃል። ወለተ ማርያም የኔኑ ጠበል ቀድታ ሰጠቻት። አለቃ ራሳቸው ሄደው ጠይቀውታል አሉ። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? በሕመሙም ቀናሁበት፣ እግዚኦ!

ኅዳር ፳፣ ከምሳ በኋላ

አለቃ ላኩብኝ። ድምፅህ ከተመለሰ ነገ ለጽዮን አንተ ምራ፣ ወልዴ በቃኝ ብሏል፣ ሹመቱም ያንተው ይሁን አሉ። እንዴት እንደምፈልገው! እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ሳይመሽ እነግርዎታለሁ ብዬ ወጣሁ።

አሁን ወልዴ ቤት እሄዳለሁ። ዐውቄ ነው የተውኩህ እለዋለሁ። ይምታኝ፣ ይርገመኝ። ተነሥቶ መርቶ እንደልማዱ አሳምሮ ካዜመም እንደገና እቀናለሁ። ልቅና፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያን ወደ እኔ ሲዞር ያየሁትን ዓይኑን ግን አልለመድኩትም።