አራተኛው ጥያቄ

ሰኞ፣ ነሐሴ 3። ከሰዓት

ዛሬም ከብት ተራ። አሥራ አንድ ሰው ጠየቅኩ። አሥራ አንዱም ዋሹኝ።

መጠይቁ የሚበላሸው አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ስም፦ ይናገራሉ። መንደር፦ ይናገራሉ። የሚስት ብዛት፦ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ስንት ፍየል አለህ ስል ግን አገሩ ባንዴ ይደኸያል። አንድ ሽማግሌ አርባ የሚሆኑ ፍየሎች ከበውት ቆሞ ሁለት አለኝ። ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሳይንስ ነው።

ደብተር ሆይ፣ እስካሁን በሰበሰብኩት መረጃ መሠረት የድሬዳዋ ዙሪያ አርብቶ አደር ሁለት ፍየል ተኩል አለው። ሦስተኛ ዓመት የጨረሰ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ክረምቱን የሚያሳልፈው ግማሽ ፍየል ሲፈልግ ነው።

ቤት ስገባ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ከት/ክፍሉ። ቡልጋሪያ! አንድ ዓመት፣ የመንግሥት በግ እርባታ ጣቢያ፣ የተግባር ትምህርት። ሦስተኛ ዓመት ለጨረሱ። ቦታው አንድ። የሚያስፈልገው፦ ማመልከቻ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ፣ በታይፕ የተመታ የጥናት ዕቅድ። እስከ ዓርብ ነሐሴ 14፣ ከ11 ሰዓት በፊት፣ ተራራው ላይ ኮሌጁ ድረስ በእጅ። ከዚያ በኋላ የመጣ አይታይም።

ከግርጌ ጸሐፊዋ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምራለች። ለከማልም ንገረው፣ አድራሻውን አላገኘነውም ትላለች።

ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ቡልጋሪያን አንዴ፣ የግርጌውን መስመር ሦስቴ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

ስለ ከማል ጽፌልሽ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል፣ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ አልጋ ከላይና ከታች። የላይኛው የእሱ ነው። ለምን እንደሆነ አላስታውስም። ማንም አልወሰነም፣ ግን የላይኛው የእሱ ነው።

አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ። እናቱ እማማ ሀዋ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች። አራት ቋንቋ ይናገራል፣ አንዱንም አጥንቶት አያውቅም። እኔ መጽሐፍ አንብቤ የማውቃትን ላም እሱ ጡቷን ይዞ ያውቃታል። ፈተና ላይ እበልጠዋለሁ። ከፈተና ውጭ ያለው ሕይወት ግን ረጅም ነው።

አንድ ምሳሌ። እናቴ ከደጋ የመጣች ሴት ናት። ድሬ ሠላሳ ዓመት ኖራ እስከ ዛሬ አንቱ እንድትባል ትጠብቃለች። ባለጋሪው አንቺ ሲላት ወርዳ በእግሯ የሄደችበት ቀን አለ። ከማል መጥቶ "አንቺ እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ አምሮብሻል አቦ!" ሲላት ግን ትስቃለች። ደጋግማ። እኔ አንቱ እያልኩ አድጌ እንዲያ ስቃልኝ አታውቅም።

ፊርማው እንኳ ያምራል። ከቀኝ ይጀምርና እንደ ወፍ ዞሮ ተመልሶ ይቀመጣል። አንደኛ ዓመት ላይ ደብተሬ ጀርባ ተለማምጄው ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እነግረዋለሁ። ነገ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

አልነገርኩትም። ቀበሌ ነበርኩ። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤዬን ገልብጦም አነበበው፣ ከጀርባው ምንም የለም። አገር ውስጥ በግ የለም ወይ ሲል ጠየቀኝ። አለ አልኩ። ታዲያ አለ።  የእሑድ ውይይት ላይ አላየሁህም አለ። ኮሌጅ ነበርኩ አልኩ። ነገ ና።

ዓርብ፣ ነሐሴ 7

ነገ ና።

ፎቶግራፍ ተነሣሁ። ፖሊስ የሚፈልገው ሰው እመስላለሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 9

ውይይቱ ላይ ተገኘሁ። ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አንድ ጥያቄም ጠየቅኩ፣ መልሱን አልሰማሁም። ሊቀ መንበሩ አየኝ። በቂ ነው።

ከሰዓት ከማል መጣ። ደቻቱን፣ ደረቁን ወንዝ፣ በአሸዋው አቋርጦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ። ላይ አገር ዘንቧል፣ ጎርፍ ድንገት ይመጣል እየተባለ ድልድዩን ትቶ ማሳበር ይሻላል ባይ ነው። እናቴ ተነሥታ ተቀበለችው። ለእኔ ከመቼ ወዲህ ተነሥታ ታውቃለች? ጾም ባይሆን ዶሮ ታስብ ነበር።

መጠይቄን አነሣና አራተኛውን ጥያቄ አነበበ። ከዚያ ሳቀ። መሬት ተቀምጦ ሳቀ።

"አቦ ሶሌ! ይኼን ጠይቀህ ሰው አልመታህም?"

እንዲህ አስረዳኝ። የሰው ከብት አይቆጠርም። ባለቤቱም ጮክ ብሎ አይቆጥርም፣ ቁጥር ዓይን ይጠራል። አርባ ያለው ሁለት ካለ ውሸት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። በዚያ ላይ አንተ፣ አለኝ፣ ክላሰር ይዘህ፣ ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ከተህ፣ ስንት አለህ ትላለህ። ግብር ሰብሳቢ መስለሃቸዋል። ፍየሉን ለጦር ግንባር መዋጮ የምትወስድ መስለሃቸዋል። ሁለት ያለህ ሰውዬ እንዲያውም አክብሮሃል። እኔ ብሆን የለኝም እልህ ነበር።

ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። መቶ ሃያ ቅጽ። እንደዚህ ዓይነት ነገር በየትኛው ምዕራፍ ነው የሚጻፈው? አውቃለሁ፣ በየትኛውም። እናቱ ነግራዋለች። የእኔ እናት የነገረችኝ አንቱ ማለትን ነው።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆመና ከት/ክፍሉ ደብዳቤ ነገር አልመጣም ወይ ብሎ ጠየቀ። ዘንድሮ ለውጭ ዕድል ይወጣል ሲባል ሰምቷል።

"አልመጣም" አልኩት።

ደብዳቤው ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበር። ሲያቅፈኝ በሁለታችን መካከል ተጨማደደ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 10

ማታ ስገላበጥ አደርኩ እንዳልልሽ፣ ተኛሁ። ደህና አድርጌ ተኛሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ዛሬ ተመልሶ መጣ። የክረምት ሥራውን ደብተር አምጥቶ ሰጠኝ። ላንብበው ብዬ አልጠየቅኩትም። ካየኸው መጠይቅህን ታስተካክልበታለህ አለ። ረቡዕ ጠዋት በባቡር ወደ አጎቱ ይሄዳል፣ በጅቡቲው መስመር ካሉት ትንንሽ ጣቢያዎች በአንዱ ወርዶ ግማሽ ቀን በእግር። ግመሎቹን ያያል። የሚመለሰው ሳምንት ቆይቶ ነው።

ሳምንት ቆይቶ። ዓርብ ግን ዓርብ ነው።

እንግዲህ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፣ ደብተር ሆይ። ሁለት ቀን ዝም ማለት ብቻ። ዝምታ ደግሞ በዚህ ዘመን ማንም የማይጠየቅበት ሙያ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

የቀበሌው ማኅተም ተመታልኝ! በስድስተኛው ምልልስ።

የከማልን ደብተር አነበብኩ። ባላነበብኩት።

ቁጥር የለውም። ግመል ሁሉ በስሟ ተጽፋለች። እናቷ እነ እገሊት፣ የተወለደችው በዚህ ድርቅ፣ የምትታለበው ለዚህ ሰው ብቻ፣ ሌላ ሰው ከቀረባት ወተቷን ትይዛለች። በዝናብ ይህን ያህል ዕቃ ወተት፣ በበጋ ይህን ያህል። አንዷ ልጇ ሞቶባት ቆዳው ካልቀረበላት አልታለብም ያለች። እያነበብኩ ረሳሁ፣ መቅናቴን ረሳሁ። ሲያበቃ መልሶ መጣ፣ ከነወለዱ።

እጅ ጽሑፉ ክፉ ነው። ፊደል ይገድፋል። እሱን ሳይ ትንሽ ተጽናናሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12። ረፋድ

ጣቢያ ሄድኩ። ልሸኘው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መሄዱን ላረጋግጥ።

መድረኩ ላይ ሰው፣ ከረጢት፣ ጀሪካን፣ ጩኸት በአራት ቋንቋ። ከማል በአራቱም ይሰደባል፣ በአራቱም ይመልሳል፣ ሁሉም ይስቃሉ። እማማ ሀዋ የወተት ዕቃዋን ተሸክማ መጥታለች፣ ለወንድሟ ስኳርና ሻይ ቅጠል ትልካለች። እኔን ስታይ "ወሪያ ሰሎሞን፣ ከስተሃል! ጠጣ!" ብላ ወተት ቀዳችልኝ። ፍልሰታ ነው አልኳት። ስለ ወተት የምጽፍ፣ እስከ አሥራ ስድስት ወተት የማልቀምስ ሰው ነኝ። እግዚአብሔር ይቀበልህ አለችኝ። መስጊድ የምትሰግድ ሴት ይህን ስትመርቅሽ ምን ትያለሽ? አሜን አልኩ።

ደወል። ከማል በመስኮት አንገቱን አወጣ። እንድጠነክር ነገረኝ። ሁለት ፍየል የሚል ካጋጠመኝ ሰላም እንድለው። ባቡሩ ነቅነቅ ሲል ኪሴን ያዝኩ። ደብዳቤው አለ። አፌን ከፈትኩ።

"ደህና ግባ" አልኩት።

ሄደ። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እየጠበቅኩ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 13። ጠዋት፣ እህቴ ቢሮ

አልማዝ ባቡር መ/ቤት ታይፒስት ናት። አለቃዋ ሳይገባ ዕቅዴን ልትመታልኝ ተስማማች። አነበብኩላት። አራተኛው ጥያቄ ወጥቷል። በምትኩ የግመሎቹ ስም፣ የእናቶቻቸው ስም፣ ወተቱ። ስድስት ገጽ እንደ ውኃ ወረደልኝ። እንዲህ ያማረ ነገር ጽፌ አላውቅም።

አልማዝ ጣቷን አቆመች። ሦስት ዓመት ተምረህ በግና ፍየል የምትለየው በጭራው ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ግመል የምታውቀው አለችኝ። ጥናት ነው አልኳት። "እሺ ጓድ ጥናት" ብላ መምታቷን ቀጠለች።

የከማል ደብተር የመጨረሻ ቅጠል ላይ ደረስኩ። ማክሰኞ አላየሁትም ነበር፣ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቋል። እንዲህ ይላል፣ ግድፈቱን እኔ አርሜ፦

"ሶሌ፣ ስንት አትበል። ስማቸውን ንገረኝ በል። እሱ ይጠራልሃል፣ አንተ ኪስህ ውስጥ በጣትህ ቁጠር። እሱ አልቆጠረም፣ አንተም አልዋሸህም። ከዚህ የሚጠቅምህ ካለ ውሰድ። አንተ መጻፍ ትችላለህ፣ እኔ ማውራት ነው የምችለው። ካማረ ከግርጌ በትንሹ ስሜን አድርግልኝ፣ እናቴ ትደሰታለች።"

አልማዝ አዲስ ወረቀት አስገባች። ሽፋኑ። የአጥኚው ስም የሚለውን መታችና ቀና ብላ አየችኝ።

"የማንን ስም ልምታ?"

ቆዪ አልኳት። ዝምታ ሙያ ነው ብዬሽ አልነበር? ዛሬ አልተሳካልኝም።

ያው ቀን። ከሰዓት

ቀፊራ ሮጥኩ። ደቻቱ ሞልቶ ቀይ ጭቃና እንጨት እየገፋ ይወርዳል፣ በድልድዩ ዞርኩ። ለእማማ ሀዋ ሁሉንም ነገርኳት ማለት አልችልም። የከማል ዕድል መጥቷል፣ ነገ ያበቃል አልኳት። ዛሬ ነው የመጣው ወይ አለች። አይደለም አልኩ። ቆይቷል አልኩ። እኔ ጋ ነበር አልኩ። አየችኝ። ወተቱን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች።  ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

የቀበሌያቸው ሊቀ መንበር የወተት ደንበኛዋ ነው። ልጁ የት አለ አላት። ግመል ጋ። ደብዳቤው ለምንድን ነው? "ለአገር ነዋ!" ማኅተሙን መታ። ለእኔ ስድስት ምልልስ፣ ለከማል፣ እሱ በሌለበት፣ ሰውዬው አንድ ብርጭቆ ወተት እስኪጠጣ ድረስ። ጻፊው ደብተር፣ ይህንንም ጻፊው።

ፎቶግራፎቹን ከሣጥኗ አወጣች። በጉርድ ፎቶ የሚያምር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

የቀረው ማመልከቻው ላይ የእሱ ፊርማ። ከቀኝ ይጀምራል፣ እንደ ወፍ ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሙከራ ወጣልኝ። ሦስት ዓመት የቀናሁት ለዚህ ኖሯል።

ሽፋኑን አልማዝ መታችው። ስሙ መሃል ላይ፣ በትልቁ፣ በራሱ ስም ሥር የማንም የለም። የእኔን ዕቅድ ደግሞ ለብቻው፣ ከነአራተኛው ጥያቄ፣ ከነሁለት ፍየል ተኩሉ። ሁለት ፋይል።

የት/ክፍሉን ደብዳቤ እማማ ሀዋ ጋ ተውኩት፣ በከማል ደብተር ውስጥ። ከላይ "ነሐሴ 3 ደረሰኝ" ብዬ ጽፌበት። ሲመጣ ያንብበው። ለካ የሚያሳስበኝ የላይኛው አልጋ አይደለም፣ ካነበበ በኋላ ያናግረኝ እንደሆነ ነው።

ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በር ላይ ናቸው። እናቴ ሙልሙል ታድላለች። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 14። ጠዋት፣ ፔጆ ውስጥ

ዳገቱን ጀምረናል። ስምንት ሰው፣ አንድ በግ። በጉ ጭኔ ላይ ሊተኛ ይሞክራል፣ ሁለቱን ፋይሎች ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ድሬ ከታች ጠፍታለች፣ ብርድ ጀምሯል።

የእሱ ይወፍራል። የእኔ ይቀላል። ማንም ያነበበ የትኛውን እንደሚመርጥ አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። ይህን ማወቄ የተሻልኩ ሰው አላደረገኝም። ቅናቴ ያው ነው። ቡልጋሪያ ሲደርስም፣ እዛ ያሉትን አሮጊቶች በቋንቋቸው አንቺ ሲላቸው፣ እነሱም ሲስቁለት ይታየኛል።

ኩርባው ላይ ደርሰናል። በኔ በኩል መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከበታቹ ገደል። ነፋሱ የላይኛውን ፋይል ያነሣዋል፣ ሽፋኑ ይገለበጣል፣ የከማል ስም ይታያል፣ ይከደናል። እንዲህ ያለ ነገር በመንገድ ላይ ያጋጥማል፣ ማንም ሰው

መስኮቱን ዘጋሁት።

በጉን ከፋይሎቹ ላይ አስተኛሁት።