አራት ሐሙስ የታመመችው ሀይፋ

አልታዬ፣

ከኢንተርኔት ቤት መጥቼ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ልወጣ ነው። ሽሮሽ ድስቱ ውስጥ ነው።

ልጄ ሀይፋ ከቤሩት «ታምሜ ሆስፒታል ገባሁ» ብላ በኢሜይልሽ የላከችውን መልእክት አራት ጊዜ አትመሽ አመጣሽልኝ፤ አራቴም «አዲስ መጣ» አልሽኝ። እኔም አራት ሐሙስ ወዳጃ ጠርቼ ዱአ አስደረግሁላት። መካነ ሰላም ላይ ያልጠራሁት ጎረቤት የለም። ሼህ ኸባብ «ይቺ ልጅ የምትታመመው ሐሙስ ሐሙስ ነው እንዴ?» ቢሉኝ አፈርኩ።

ዛሬ አራቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ከላይ ያለውን ቀን አነበብኩ። ያው አንድ ቀን ነው። ከባለዲግሪ ደባል ጋር መኖር ደግ ነው፤ ሰው በግዱ ማንበብ ይለምዳል።

የኢሜይልሽን የይለፍ ቃል ከደብተርሽ ላይ እንደ ሥዕል ገልብጬ ለኢንተርኔት ቤቱ ባለሙያ አሳየሁት። አፉ በይኝ።

የወንድምሽ የሰርግ ፎቶዎች ከባድ ስለሆኑ መስመሩ እነሱ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል አለ። ያኔ ሰርቨር የሚሉት የመልእክት ማስቀመጫ «ገና አልወሰዱም» ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይልካል። የሰው ነገር ነው ብዬ አላስነካሁም፤ ራስሽ ከሰርቨሩ ላይ አጥፊያቸው። ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፣ ይህን አልክድም።

ትናንት በሰው ፊት «ውሸታም» ያልኩሽን ግን…
ተይው።

ከፎቶዎቹ ኋላ አንድ አዲስ የሀይፋ መልእክት ተሰልፏል። ባለሙያው ላንብብልዎ ሲለኝ ጥዬው ወጣሁ። አንቺም አታንብቢልኝ። አትመሽ ትራሴ ላይ አድርጊውና ጎረቤት ቆይ። ከፊትሽ ላይ መርዶ ከምፈልግ፣ እኔው ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ላንብበው።

ፈዲላ