ሁለት ጣት የጎደለው እሁድ

ውድ ከድርዬ፣

ከተለያየን ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀን መቁጠሬ ያስቅህ ነበር፤ አሁንም እቆጥራለሁ፣ የሚስቅብኝ ግን የለም። አላህ ይዘንልህ። ጧት ጧት ዱዓ አደርግልሃለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቱን ላከራየን ካውንስል ሪፖርት ስታደርግበት የኖርከው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ተሠራ። ሠራተኞቹ የመጡት በተቀበርክ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። አንደኛው ስምህን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ የት እንዳለህ ጠየቀኝ። የለም ብዬ ፈረምኩለት። ሆሎዌይ ሮድ ላይ ያለውን ፌርማታችንን ወደ ታች አውርደውታል፤ ሰባ ሁለት እርምጃ ጨምሮብኛል። ሬዲዮህ አንተ በተውከው ጣቢያ ላይ ነው። የሚሉትን አልሰማም፤ ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዲኖር ብቻ እከፍተዋለሁ።

አሁን ወደ ቡድኑ ልምጣ። ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ወጥተህ የኮሌጁን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሚኒባስ ልትነዳ የሄድክ ጊዜ፣ ሜዳ ዳር የመለኪያ ዘንግ ይዘህ ትቀራለህ ብሎ ማን አሰበ? አንድ እሁድ ሰው ጎድሎ አስያዙህ፣ ስድስት ዓመት ሳትለቀው ቆየህ። ጨዋታውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሁለት እርሳስና በክር አስረዳኸኝ። ተጫዋቾቹ በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መሄድ አለባቸው፤ ካልቻሉ ኳሱ ለሌላው ቡድን ይሆናል። ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው ሰንሰለት አሥር ያርድ ነው። የሚያጠራጥር ሲሆን ዳኛው ሰንሰለቱን ሜዳ ውስጥ አስገብቶ ይለካል። እኔም ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ ኳሱን በዓይን ገምቶ አስቀምጦ በኢንች መለካት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው ብዬ ተከራከርኩህ። ‹‹ዓይኑ የዳኛው ነው፤ ሰንሰለቱ የእኛ ነው። እኛ የእኛን አናበላሽ›› አልከኝ። ዘንግ የያዘ ሰው አያጨበጭብም ብለህም ነግረኸኛል። የእኛዎቹ ሲያገቡ አንተ ዘንግህን በአንድ ጣት መታ ታደርግ ነበር፣ በቃ።

ጥቅምት ላይ አሠልጣኙ ግሌን ደውሎ፣ ‹‹ሚስስ ኬ፣ የሚስተር ኬን ዘንግ የሚይዝ ሰው አጣሁ›› አለኝ። ሰው ፈልጊልኝ ማለቱ ነበር። እኔ እይዛለሁ አልኩት። ጓንትህን አጠለቅሁ፣ ቢጫ ሰደርያህን ለበስኩ፤ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ሰሚር፣ ያ ከዋይት ሲቲ የሚመጣው አምበል፣ አማርኛውን ስታርምለት የነበርከው፣ ሲያየኝ መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ቆይቶ መጣና፣ ‹‹እትዬ፣ ኮፍያ ያድርጉ እንጂ። ጋሼ እንኳ ኮፍያ ያደርጉ ነበር›› አለኝ።

ተጫዋቾቹ ሃያ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሲጎዱ ደግሞ ያንሳሉ። ሰባት ጨዋታ ተጫውተን ሰባቱንም ተሸነፍን። በአንደኛው ላይ በአርባ ነጥብ ተበልጠን ሳለ ሰሚር በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ‹‹እትዬ፣ በሒሳብ እናሸንፋለን?›› ብሎ ጠየቀኝ። በሒሳብ አይቻልም አልኩት። ‹‹ትንሽ እንኳ ቢዋሹኝ ምናለ›› አለና እየሳቀ ሄደ።

የካቲት ላይ ኮሌጁ ቡድኑን ሊዘጋው እንደሆነ ሰማን። የሚፈልጉ ልጆች ከከተማው ወዲያ ማዶ ካለ ትልቅ ኮሌጅ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ጨዋታው እዚያ ሜዳ፣ በእነሱ ዘንግ ያዦች ይሆናል ተባለ። ግሌን የመጨረሻውን ጨዋታ ካሸነፍን ስብሰባ ላይ የምናገረው ነገር ይኖረኛል አለ። ለልጆቹ የቡድናቸው ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን እሁዴ ነው፣ ከድርዬ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስሜን የሚጠራኝ ሰው የለም።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ይዘንብ ነበር። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር፤ ኳሱም በእጃችን ነበር። ያቺን አሥር ያርድ ካሟላን ኳሱን ይዘን ሰዓቱን እንጨርሰዋለን። ሰንሰለቱ በሜዳው ነጭ መስመር የሚያልፍበትን ነጥብ በክሊፕ ማስያዝ የእኔ ሥራ ነበር። ዳኛው ሲለካ ቦታውን የሚያገኘው በዚያ ክሊፕ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከመስመሩ ኋለኛ ጠርዝ ላይ ይሆናል። መነጽሬ ጉም ለብሶ፣ እጄ በሰፊው ጓንትህ ውስጥ እየዋለለ፣ ፊተኛው ጠርዝ ላይ አስያዝኩት። የመስመሩ ስፋት አንድ መዳፍ ነው። ዳኛው ክሊፑን ኋለኛው ጠርዝ ላይ ሲያሳርፈው ሰንሰለቱ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ስህተቱ ለእኛ የሚያደላ ነበር።

ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው። ስህተቱን ያየሁት ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ነው። ያኔ ማረም እችል ነበር። ዝም አልኩ። ምናልባት መለካት ላያስፈልግ ይችላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ተማሪ እንዲህ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት ታውቃለህ።

በአራተኛው ሙከራ ሰሚር ኳሱን አቅፎ ሰዎች መሃል ገባና ወደቀ። ዳኛው ሰንሰለቱን ጠራ። ይዘን ገባን፣ ተዘረጋ። ኳሱ ሁለት ጣት አለፈ። ልጆቹ ጮኹ፣ ግሌን የጨዋታ ዕቅዱን ወረቀት ወደ ላይ ወረወረ። የመስመር ዳኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ ልማዱ ስለሆነ ብቻ፣ ክሊፑ ኋለኛው ጠርዝ ላይ ነበር አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ማለት አንድ ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ የአንተ ድምፅ ነበር። አይደለም፣ ፊተኛው ላይ ነው ያደረግኩት አልኩት።

እንደገና ለኩ። ሁለት ጣት ጎደለ። ኳሱ ለሌሎቹ ሆነ፣ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት አገቡብን።

ልጆቹ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰሚር ጭቃውን ሳይታጠብ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። መንገድ ላይ፣ ‹‹እትዬ፣ ሲሪየስሊ? አራት ኢንች?›› አለ። ይቅርታ ጠየቅሁት። አውቶቡሱ ሲመጣ ደግሞ፣ ‹‹ጋሼ ቢሆኑም ይናገሩ ነበር›› አለኝ። ተሳፍሬ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ጨመረልኝ፦ ‹‹ጋሼ ግን መጀመሪያውኑ አይሳሳቱም ነበር።›› እስከ ቤት ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እቤት ስገባ አለቀስኩ።

ቡድኑ ተዘጋ። ባለፈው እሁድ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ለሩጫ ሌላ መስመር ቀብተውበታል፤ የእኛው አይታይም። በእረፍት ሰዓት የዐስር ሶላት ትሰግድበት የነበረውን ቦታ የቡድኑ ዕቃ ይቀመጥበት ከነበረው ኮንቴይነር ጀርባ ፈለግሁት። ከጥጉ አራት እርምጃ፣ ከአጥሩ ሁለት።

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ቃል ገባሁልህ። ሰዎች ስላንተ ሲጠይቁኝ ተቆጥተህ እንደማታውቅ አድርጌ ማውራት ጀምሬ ነበር። ከእንግዲህ እተወዋለሁ። ትቆጣ ነበር። ሻይህን ሁልጊዜ ግማሽ ትተዋለህ። እህቴ ሠርግ ላይ ባለመገኘትህ አንድ ዓመት አኩርፌሃለሁ። አንተን የማስታውስህ በነበርክበት ጠርዝ ላይ ነው፤ መዳፍ የምታህል እንኳ አላስጠጋህም።

ከዚያ የኮንቴይነሩን ብረት በአንድ ጣት መታ አደረግሁና ወደ ፌርማታው ሄድኩ።

ያንተው ዘይነብ