አካፋ የያዙት እናቶች

ለታላቅ ወንድሜ ለኤሊሴዮ፣ ባለህበት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔና እናታችን ከነድካማችን ደህና ነን።

አንተ ድንበር ለመሻገር ወደ ሰሜን ከሄድክ ወዲህ ስለ ጨው ለቃሚዎቹ የሠራሁት አጭር ፊልም ጓዳላሃራ ከተማ በተካሄደ የፊልም ውድድር ላይ ተሸለመ። ስሜ ተጠርቶ መድረክ ላይ ስወጣ ምንም አልተሰማኝም። እናታችን ግን ደስ ብሏት፣ «ደውለሽ ለኤሊሴዮ ንገሪው» አለችኝ። እኔም ስልክህ ከተዘጋ መቆየቱን ደብቄ፣ «ነግሬዋለሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኛል» አልኳት።

አሁን ድንበሩ አጠገብ ባለው በረሃ፣ ሶኖራ ነኝ። የጠፉ ልጆቻቸውን አፅም በረሃውን እየቆፈሩ የሚፈልጉ እናቶችን እቀርጻለሁ። ለፊልሙ ገንዘብ የሚሰጠኝ ስላጣሁ ብቻዬን ጀመርኩት። ሴቶቹ እየቆፈሩም ይቀላለዳሉ። መሪያቸው፣ ሁሉም በአክብሮት ዶኛ የሚሏቸው ሬፉሂዮ፣ «አንቺ፣ ካሜራ ሆድ አይሞላም፤ ነይ ብዪ» እያሉ በቶርቲያ ቂጣ የተጠቀለለ ባቄላ ይሰጡኛል።

ትናንት ምሳ ላይ ዶኛ ሬፉሂዮ አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ያንቺስ የጠፋው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት፣ ዶኛ።»

«ይሁን። ሲሄድ ምን ለብሶ ነበር?»

ካሜራውን አጠፋሁ። «አረንጓዴ ሸሚዝ። አንዱን ቁልፍ እኔ ነኝ የተከልኩለት» አልኳቸው።

ዛሬ ካሜራውን ሆቴል ትቼ ወጣሁ። አካፋ ሰጡኝና እስኪመሽ ከእነሱ ጋር ስቆፍር ዋልኩ። ምንም አላገኘንም።

ይህን በድሮው አድራሻህ እልከዋለሁ። እናታችንን በጣም ናፍቀሃታል። ፈጣሪ በደህና ያገናኘን።

እህትህ ሬይናልዳ